የሮዛሪዮው ስልክ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 2 ቀን 1972፣ ሜራን፣ ጄኔቭ

ደረጃ ስጠርግ ዋልኩ። ስምንት ፎቅ። የሦስተኛው ፎቅ አምፖል ደግሞ ተቃጠለ... ምን ዓይነት ጉድ ነው? በየሳምንቱ! አላማርርም እላለሁ፣ አማርራለሁ። የሕንፃው ጠባቂ፣ ኮንሲየርዥ የሚሉት፣ ባልሆን ይሄ ቤት የለም፣ ፔርሚው፣ የመኖሪያ ፈቃዳችንም አይታደስም ነበር። አርፌ ልጥረግ።

አርጀንቲናው ከልምምድ ሲመለስ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ኦራሲዮ፣ አምስተኛ ፎቅ ክለቡ የተከራየለት አጥቂ። ከገባ ሁለት ወሩ ነው። ስልክ ገና አልገባለትም፣ ከአገሩ የሚደወልለት በእኛ ቤት ነው። የምንግባባው በጣልያንኛ። እሱ ከእናቱ ነው የተማረው፣ እኔ ፒያሳ ጣልያኑ ጋራዥ አሥር ዓመት ስሠራ።

"ስድስት አገር ኅሩይ፣ ስድስት!" አለኝና በጣቱ ቆጠረ። ሮዛሪዮ፣ ሳንቲያጎ፣ ጓዳላሃራ፣ ማላጋ፣ ሳሎኒካ፣ አሁን ጄኔቭ። በየአገሩ መጀመሪያ የሚማረው ቃል "አቀብለኝ" ነው አለኝ። ቀጥሎ "ሻንጣዬ የታለ?" ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ለክለቡ ሠላሳ አንድ ብሏል። ጉልበቱ ላይ በረዶ ሳያስር አያድርም።

እሁድ ዙሪክ ይጫወታሉ። የዙሪኩ ክለብ ሰዎች ሊያዩት ነው፤ ከወደዱት ለሁለት ዓመት ያስፈርሙታል። "የመጨረሻዬ ነው" አለኝ። "ከዚህ በኋላ የሚፈልገኝ የለም።" እኔም በቡድኑ አውቶብስ አብሬ እንድሄድ አስፈቅዶልኛል። እኔ! ወዲያው ዙሪክ ላሉት የአበሻ ሽማግሌ፣ ለጋሽ ተክለሃይማኖት ደወልኩ፤ ከጨዋታው በኋላ እትዬ የሻረግ ቤት ይዤው እንደምመጣ ነገርኳቸው። የዙሪክ አበሻ ሁሉ እዚያ ይጠብቀናል። ብዙነሽ "አንተን ነው እንዴ የሚያስፈርሙት?" ብላ ሳቀችብኝ። ሚስት አይደለች፣ ትሳቅ።

ሐሙስ፣ መጋቢት 4

ስምንት ሰዓት ላይ ስልክ። የኦራሲዮ እህት፣ ከሮዛሪዮ። ስፓኒሽ ነው የምታወራው፣ ቀስ ስትልልኝ ይገባኛል። እናታችን በጣም ታማለች... ሐኪሙ ተስፋ አልሰጠንም... ዛሬውኑ ይደውል፣ ድምፁን ልስማ እያለች ነው።

"ትነግረዋለህ?"

"እነግረዋለሁ።"

ዘጋሁና ቁጭ አልኩ። ሞታለች። ባሕር ተሻግሮ ደውሎ "በጣም ታማለች" የሚል ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ይጠፋኛል?

ብዙነሽ ተቆጣች። "ተነስና ንገረው!"

"ሞታ እኮ ነው።"

"ልጅቷ ታማለች አይደል ያለችው?"

"ሲሞት እንዲህ ነው የሚባለው።"

"እንዲህ የምንለው እኛ ነን! ፈረንጅ ታመመ ካለ ታመመ ነው!"

አልሰማኋትም። መርዶ ደረጃ ላይ አይነገርም። ባይተዋርን ብቻውን አይረዱትም። ሰው ይሰበሰባል፣ በማለዳ ይኬዳል፣ ግራና ቀኝ ይያዛል። ሰኞ ጠዋት ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ይሁን፣ ሰው ባለበት። እሁድንም ተጫውቶ... የሞተችውን እንደሆነ ማን ያስነሳታል?

ማታ ሲገባ በሩን ከፈትኩለት። "እንዴት ዋልክ?" አልኩት።

ዓርብ፣ መጋቢት 5

ወንድሜ ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። አዲስ አበባ፣ ከቤት ወስደውት በማግሥቱ መንገድ ላይ ተጥሎ የተገኘው። ለእኔ የመጣው ደብዳቤ "ትንሽ አሞታል" ነበር የሚለው። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ እያወቀ ሁለት ሳምንት አብሮኝ በላ፣ ጠጣ። ከዚያ አንድ እሁድ በማለዳ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ተክለሃይማኖት ሳይቀሩ ከዙሪክ መጥተዋል። ወገቤን ይዘው አረዱኝ። ያን ቀን ብቻዬን ብሆን በመስኮት እዘል ነበር።

ታዲያ ምን አጠፋሁ? የተደረገልኝን ነው የማደርግለት።

ጠዋት አሳንሰሩ ጋ ቆሞ ሳየው ለምን በደረጃ ወረድኩ?

ቅዳሜ፣ መጋቢት 6

ስልኩ ሦስት ጊዜ ጮኸ። ብዙነሽ ሥራ ላይ ናት። አላነሳሁም።

ለሞተ ሰው ሦስት ጊዜ ይደወላል?

እሁድ፣ መጋቢት 7፣ ዙሪክ

ሁለት ጎል! የመጀመሪያው በጭንቅላት። ሁለተኛውን እንዴት ልበል... ተከላካዩ ቀድሞታል፣ በጉልበቱም እያነከሰ ነው፣ ግን ኳሷ ወዴት እንደምትመጣ አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ቆሞ ጠበቃትና ወደ መረቡ ላካት። ከጎኔ የነበሩት የዙሪኩ ክለብ ሰዎች እየተንሾካሾኩ ጻፉ። ነገ አራት ሰዓት ቢሮ እንዲመጣ ቀጠሩት።

ከዚያ ላንግሽትራሰ፣ እትዬ የሻረግ ቤት። ሳሎኑ ሞልቷል። ሲያጨበጭቡልን! "ይሄ ነው የኅሩይ ሰው?" ይላሉ። የኅሩይ ሰው! አልዋሽም፣ ደረቴ ተነፋ። ሽሮውና ምስሩ ቀረበ። ኦራሲዮ ዞር ዞር ብሎ አየና "ሥጋው የታለ?" አለኝ። ጾም ነው አልኩት። "ስንት ቀን?" ሃምሳ አምስት። "ኅሩይ፣ አደራህን እናንተ ክለብ እንዳታስፈርመኝ!" ተርጉሜ ስነግራቸው ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉ በላይ የሳቅኩት እኔ ነኝ።

ጋሽ ተክለሃይማኖትን ኮሪደር ላይ ጠርቼ የእናቱን ነገር ነገርኳቸው።

"ሞቷን አረጋግጠሃል?"

"አዎ ጋሼ።"

ሰኞ፣ መጋቢት 8

መጻፍ አልፈልግም። ቢሆንም ልጻፈው።

ያደርነው ከዙሪክ ዳር፣ ዲቤንዶርፍ፣ ጋሽ ተክለሃይማኖት ቤት ነው። ሆቴል ሰለቸኝ ብሎ ኦራሲዮም እዚያው አደረ። ማለዳ አምስት ሰዎች መጡ። ቀሰቀስነው። ግራና ቀኝ ይዘነው ተናገርኩ። "ማማ!" ብሎ ወለሉ ላይ ተዘረረ። እትዬ የሻረግ ለማያውቋት ሴት ደረታቸውን ደቁ። ሁሉም አለቀሰ፣ እያንዳንዱ የራሱ ሟች አለው። አንድ ሰዓት ሙሉ አልለቀቅነውም። ከዚያ የጋሽ ተክለሃይማኖትን እጅ ሳመ፣ የእኔንም ሳመ። "አባቴ ሲሞት ሜክሲኮ ነበርኩ። ሆቴል ውስጥ ብቻዬን ነው ያለቀስኩት። በስድስት አገር እንደ እናንተ ያደረገልኝ የለም።"

"መቼ ሰማህ?" አለኝ።

"ትናንት ማታ። ብዙነሽ ደውላ ነገረችኝ።" እንዲያው ከአፌ ወጣ።

ወደ ሮዛሪዮ ደወለ። የለቀስተኛው ድምፅ እኔ ድረስ ይሰማል። ሲጨርስ ፊቱ ሌላ ሆኗል።

የሞተችው ትናንት ነው። በእኛ ከምሽቱ አንድ ሰዓት። በሥጋው ቀልድ ስንስቅ።

"እህቴ ከሐሙስ ጀምሮ ስትደውል ነበር። ለአንድ ሰውዬ ነግሬዋለሁ፣ እነግረዋለሁ ብሎኛል አለች። ለአንተ ነው?"

"ለእኔ አይደለም።"

"እንግዲያው ዱቦሼ ነው!" ሙሴ ዱቦሼ የክለቡ ጸሐፊ ነው፣ ሽማግሌ ሰው። እህቱ ያላት ቁጥር ሁለት ነው፣ የእኔና የእሱ፤ ያን ቀን በየትኛው እንደደወለች ግን አታስታውስም። "ለአንድ ጨዋታ ብሎ እናቴን ደበቀኝ!"

ጋሽ ተክለሃይማኖት ትክ ብለው አዩኝ።

አራት ቀን። አራት ቀን ሙሉ በሕይወት ነበረች።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 9

ለብዙነሽ ሁሉን ነገርኳት፤ ቀና ብዬ ማየት ግን አቃተኝ።

ዓርብ፣ መጋቢት 12

ኦራሲዮ ዙሪክ ቀርቷል። ቀብሩ አልፎበታል፣ ምን ላደርግ እሄዳለሁ ብሏል። አልፈርምም ማለቱንም ሰማሁ። "ሁሉም ክለብ አንድ ነው። ኳስ በቃኝ!" ሁለት ጎል አግብቶ፣ ወረቀቱ ተዘጋጅቶለት...

ዛሬ ሙሴ ዱቦሼ አበባ ይዘው ሊያስተዛዝኑት መጡ። አጡት። ባርኔጣቸውን እያሻሹ ደጃፌ ላይ ቆሙ። "እኔ ጋ ማንም አልደወለም። በልጆቼ እምላለሁ። ምናልባት አንተ ጋ..."

"አይ" አልኩ።

ተሰናብተውኝ ሄዱ። አበባውንም ለብዙነሽ ተዉላት። ብዙነሽ ከማድ ቤት ወጣች፣ እጇ አረፋ ነው። "በስሜ ዋሸህ፣ ዝም አልኩ። ያን ሽማግሌ ግን አታዋርድም። ወይ አንተ ለኦራሲዮ ትነግረዋለህ፣ ወይ እኔ።"

ወይ ውርደት! በአርባ አንድ ዓመቴ።

እሁድ፣ መጋቢት 14

ኦራሲዮ ልብሱን ሊወስድ መጣ። አምስት ፎቅ በእግሬ ወጣሁ፣ አሳንሰሩ ያፈጥነኛል ብዬ።

ነገርኩት። ሐሙስ የተደወለው ለእኔ ነው አልኩት። ሞታለች ብዬ አሰብኩ፣ አገራችን እንዲህ ነው ልማዱ፣ ሰው ብቻውን አይረዳም...

"ቅዳሜስ? ሦስት ጊዜ ደውላለች።"

"ሰምቻለሁ። አላነሳሁም።"

"ለምን?"

እንግዲህ ልማዱ እዚህ ላይ አለቀ። "ዙሪክ ያሉ ሰዎች ካንተ ጋር እንዲያዩኝ ስለፈለግኩ" አልኩት። እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ ለዚህ ነው! ለጭብጨባ! ጮክ ብዬ ስናገረው እንዴት ያለ ኢምንት ነገር ነው።

ይመታኛል ብዬ ነበር። በመታኝ። ታኬታውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ከተተ። ከዚያ ሳያየኝ ተናገረ።

"አባቴ ሲሞት ማንም አልነበረኝም። ለእናቴ ግን ሰው ነበረኝ ብዬ ነበር። የቀረኝ ያ ጠዋት ነበር። እሱንም ወሰድክብኝ።"

በሩን ከፍቶ ቆመ። ወጣሁ።

ሰኞ፣ መጋቢት 15

ሙሴ ዱቦሼ ቢሮ ሄድኩ። መነጽራቸውን አውልቀው ሰሙኝ። ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ አሉ። እጃቸውን ግን አልሰጡኝም።

ለጋሽ ተክለሃይማኖትም ደወልኩ። "ሞቷን አላረጋገጥኩም ነበር ጋሼ።" እሳቸው ቆጣ አሉ። "በሕይወት ባለች ሴት አስለቀስከን?"

"ስታለቅሱስ ሞታለች..."

"ተው ኅሩይ። ተው።" ዘጉት።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 20

ኦራሲዮ ዙሪክ ፈረመ። ሙሴ ዱቦሼን ይቅርታ ጠይቋቸዋል አሉ። የነገረችኝ ብዙነሽ ናት። እሷን ማን እንደነገራት አልጠየቅኩም።

ማክሰኞ፣ መጋቢት 23፣ ከዙሪክ ስመለስ፣ ባቡር ውስጥ

ሰባት ሰዓት ላይ ስልክ ጮኸ። አነሳሁ።

እህቱ ናት። ከቀብሩ ወዲህ አልደወለልኝም፣ የት ነው ያለው? ዙሪክ ነው አልኳት።

"ያን ሐሙስ ያነሳኸው አንተ ነህ?"

ብዙነሽ አጠገቤ ቆማለች።

"እኔ ነኝ።"

ነገረችኝ። ሁሉን። ስልኩን እናትየዋ አልጋ ላይ አድርገውላት ነበር። ድምፄ ደካማ ሆኖ እንዳይሰማው ብላ ትራሷን ከፍ አስደርጋ፣ ውኃ እየተጎነጨች... ቅዳሜ "ጨዋታ ኖሮበት ነው" አለች፣ እሁድ አልተናገረችም። አልዘጋሁም፣ እስክትጨርስ ሰማኋት። ይቅርታ አድርጊልኝ አልኩ።

"ወረቀት አለህ?" አለች መጨረሻ ላይ። "ጻፍ።"

ጻፍኩ።

"መልሰህ አንብብልኝ።"

አነበብኩላት። አንድ ቃል አርማኝ ዘጋችው።

መጥረጊያውን እዚያው ጥዬ ባቡር ያዝኩ። ሜዳው ጋ ስደርስ ልምምድ ጨርሰው እየወጡ ነው። አየኝና ፊቱን አዞረ። ወረቀቱን ዘረጋሁለት፣ አልተቀበለኝም። እዚያው ጓደኞቹ እያዩን አነበብኩለት፦ "ኦራሲዮ፣ ማማ አልተቀየመችህም። ቤቷን ብቻዬን መዝጋት አልቻልኩም። ደውልልኝ።"

"አልተቀየመችህም" የሚለው ላይ ቆሜ እንደገና ጀመርኩ። እስክጨርስ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ከነጭቃ ጫማው ወደ ክለቡ ስልክ ሮጠ።