ታጥባ ስለመጣች

ማክሰኞ

አባረሯት! እትዬ ዘይነባን ከስንዴው ሰልፍ አውጥተው አባረሯት። ምክንያቱስ? ቀሚሷ ንጹሕ ነው፣ ፀጉሯ ተሠርቷል፣ ዓይኗን ተኩላለች። የቀበሌው ሊቀመንበር ከእግር እስከ ራሷ አያትና «ይቺ ደግሞ ሠርግ ልትሄድ ነው ወይስ እርዳታ ልትቀበል?» አለ። ሰልፈኛው ሳቀ። ራሱ የተራበው ሰልፈኛ! እኔ ከመምህራን ተመድቤ ስንዴ ስሰፍር ነበር፤ ጣሳው በእጄ እንዳለ ደርቄ ቀረሁ።

እትዬ ዘይነባ ግድግዳ የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሁለት ልጆቿን ይዛ ብቻዋን ናት። የቆቦ ሜዳ ማሽላ ሁለት ዓመት ሲከስል የእሷም አብሮ ከሰለ፤ በሬዎቿም አለቁ። ሰው ፊት ስትቀርብ ግን ታጥባ ነው። ሳሙና ከየት ይመጣል? በእንዶድ ነው የምታጥበው። እንዶድ ደግሞ በነጻ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር!

ረቡዕ

ዛሬ ጆሮዬ የሰማው፦

ሻይ ቤት፦ «የእርዳታ ስንዴ ገበሬውን አሰነፈው።»

መምህራን ክፍል፦ «ለሁሉም ከተሰጠ ማን ያርሳል?»

ወፍጮ ቤት፦ «እውነተኛ ድሃ ያስታውቃል።»

በምን ነው የሚያስታውቀው? ካልቆሸሸ ድሃ አይባልም? እምቢ ያለው ሰማዩ፣ ሰነፍ የተባለው ገበሬው። አይ የጠገበ ሰው!

ከትምህርት ቤት ስመለስ እሷ ጋ ጎራ አልኩ። «እትዬ፣ ዓርብ ድጋሚ እደላ አለ። በሞቴ፣ ያችን የተቀደደች ቀሚስ ለብሰሽ፣ ትንሽ አመድ ነስነስ አድርገሽ ነይ» አልኳት። እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። «ልጄ፣ ድህነቱን አላህ ሰጠኝ፤ እድፉን ማን ሰጠኝ?» አለችኝ። የትንሹ ልጇ እግር በረሃብ አብጧል። ባለፈው ሳምንት እንዲህ አልነበረም። ዓርብ ካልተሰፈረላት እንጃ።

ሐሙስ

ሊቀመንበሩን ለብቻው አናገርኩት። የልጁን እግር ነገርኩት። «አንቺ ልጅ፣ ስሜታዊ አትሁኚ። አምራ ለመጣች ብሰጥ ሕዝቡ ምን ይለኛል?» አለ። ሕዝቡ! የራሱ ካኪ ሱሪ ተተኩሶ ስለት ሆኗል። ለእሱ ንጽሕና አብዮታዊ ዲሲፕሊን ነው፣ ለእሷ ማጭበርበር። ይህን በሆዴ ነው ያልኩት። በአፌ ብዬው ቢሆን ዛሬ ቤቴ ቁጭ ብዬ አልጽፍም ነበር።

ዓርብ

መጣች። ታጥባ፣ ተኩላ መጣች። ሊቀመንበሩ ገና ሲያያት «ደግሞ መጣሽ?» አለ። አጠገቧ የቆመች ሴት «የእኛን ድርሻ ልትሻማ!» ብላ ገፋቻት። ጣሳውን ጥዬ ሄድኩና እጇን ይዤ እጅጌዋን እስከ ትከሻዋ ሰበሰብኩት። ክንድ አይባልም፤ የማሽላ አገዳ ነው። «ይኸው! ሠርገኛዋን እዩዋት!» ብዬ ጮኽኩ። የገፋቻት ሴት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ሊቀመንበሩ ጉሮሮውን ጠራረገና «ይሰፈርላት» አለ።

እኔው ሰፈርኩላት። አሸነፍኩ እያልኩ ቤቴ ገባሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ከግድግዳው ማዶ ልጆቹ በንፍሮ ሲጣሉ ሰማሁ። እንዴት ደስ አለኝ! ሮጬ ሄድኩ። ትንሹ ልጅ እግሩ እንዳበጠ ነው፤ ግን ቁጭ ብሎ ይበላል። እትዬ ዘይነባ ለእኔም በሳህን አቀረበችልኝ፣ ወደ ዓይኔ ግን አላየችም። «አላህ ይስጥሽ፤ ልጆቼን አተረፍሽልኝ» አለች። ሳህኑን ወደ እኔ ጠጋ አድርጋ፣ «ክንዴን ግን ባሌ እንኳ ሰው ፊት ገልጦት አያውቅም» አለችኝ።

ይቅር በይኝ አልኳት። ጨው አቀበለችኝ።

ሰኞ ቀበሌ ቀርቤ «ሥርዓት በማፍረሴ» ግለ ሂስ እንዳደርግ ታዝዣለሁ። አደርጋለሁ። የበደልኩት ግን እሷን እንጂ ሊቀመንበሩን አይደለም። እሱስ የራሱን መቼ ሊያደርግ ነው?