ገዳይህን አልቀበርነውም

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? እግርህስ? መቼም አሁን አያምህም። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይለምናል እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። ዛሬ የምለምንህ የለም። የምነግርህ ግን አለኝ፤ ከፊሉን በቁጣ ነው የምነግርህ፣ ቻለው።

ናዝሬት እንደተውካት ናት። ነፋሱ አቧራ እያመጣ የእድሩን ድንኳን ሲያርገበግበው ሰነበተ። አይሱዙህን ባለቤቱ ለሌላ ሾፌር ሰጥቶታል። በበራችን ሲያልፍ ልክ እንዳንተ ሁለቴ ክላክስ አደረገ፤ ሳላስበው ተነስቼ በሩን ልከፍት ነበር። ሰውየው ምን ያድርግ፣ ለልቅሶ ክብር ብሎ ነው።

ለቀስተኛው ሁሉ አንድ ነገር ነው የሚለኝ፤ ቀኑ ደርሶ ነው፣ ምን ይደረጋል ይለኛል። አሜን አላልኩም። መቂ ላይ ሽንኩርት ጭነህ ስትመለስ ጎማ እየቀየርክ ክሪኩ ተንሸራቶ ቅልጥምህን ሲመታህ ቀንህ አልደረሰም ነበር። እያነከስክ ገብተህ እራት በልተሃል፣ በኔ የሒሳብ ውጤት ስቀሃል። ቁስሉ ማመርቀዝ ሲጀምር ሐኪም ቤት እንሂድ ብልህ፣ በዚች ጭረት ሐኪሙ ይስቅብኛል አልከኝ። ከዚያ ያ እንክብል መጣ። ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ግማሹን ዋጥከው፣ ግማሹን ከፍተህ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስከው፤ በሰፈራችን ሁሉም እንደሚያደርገው። ሲሻልህ አቆምክ፣ ሲብስብህ ደግሞ ጀመርክ። በመሃል ሶደሬ ሄደህ ፍል ውሃው ያወጣዋል ብለህ እግርህን ስትዘፈዝፍ ዋልክ። ቀን እንዲህ ነው የሚደርሰው ጋሼ፤ እየተጠራ።

ሆስፒታል የገባነው ትኩሳቱ ሲያንቀጠቅጥህ ነው። ዶክተር ኤቢሴን ታስታውሳታለህ፣ በሆስፒታሉ የአጥንት ቁስል ጥናቱን የምትመራዋን። ባክቴሪያው አጥንትህ ውስጥ ገብቷል አለችህ። ለዚህ ሕመም ሁለት ዓይነት አሰጣጥ አለ፤ አንደኛው ረጅም ጊዜ በመርፌ ነው፣ ሌላው ቶሎ ወደ ኪኒን መዛወር ነው፤ የትኛው እንደሚሻል ገና ስላልታወቀ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ዕጣ እናወጣለን አለችህ። አንተም፣ እኔ በዕቁብ እንኳን ከሰው ሁሉ መጨረሻ ነው የሚደርሰኝ፣ እስቲ እዚህ ልሞክር ብለህ አሳቅሃት። መርፌው ደረሰህ። ቅር አላለህም፤ እኔ ባልጠቀም ከኋላዬ የሚመጣው ሾፌር ይጠቀማል አልክ። ይህን ቃልህን እኔም ሰምቻለሁ፣ እሷም ሰምታለች።

አሁን ወደ ቁጣዬ ልምጣ። እዚህ ከመምጣትህ በፊት የወሰድከው መድኃኒት አለ ወይ ብላ ስትጠይቅህ፣ ምንም አልካት። በማግስቱ መልሳ ጠየቀችህ፤ ከፋርማሲም ሆነ ከጎረቤት፣ የተዋጠም ሆነ የተነሰነሰ። ጎረቤት ስትል የኔን እጅ አንቀህ ያዝክ። እሷ ስትወጣ ለምን ትዋሻለህ ብልህ፣ ክፉ አስበው አላመጡልኝም፣ እኔ ልሙት ስማቸውን እንዳታነሳ አልከኝ።

ይሉኝታህን አውቀዋለሁ። ሰው ቅር ከሚለው አንተ ብትነድ የምትመርጥ ሰው ነህ። ግን ይህቺን ስማኝ። በሞትህ አስምለኸኝ ነበር፤ ሞትክ። የሞተ ሰው ደግሞ በሞቱ አያስምልም። ቤቱን ወርሻለሁ፣ ጃኬትህን ለብሼዋለሁ፤ ይሉኝታህን ግን አልወርስም።

የላብራቶሪው ውጤት ሲመጣ አንተ ሰው መለየት አቁመህ ነበር። ዶክተሯ ጠርታ አሳየችኝ። ክብ ሳህን ነው፣ ክዳን አለው። ባክቴሪያህ እላዩ ላይ እንደ ስስ እርጎ በቅሏል፣ በላዩም ትንንሽ ክብ ወረቀቶች ተቀምጠዋል። እያንዳንዱ ወረቀት ሌላ ሌላ መድኃኒት የነካ ነው። መድኃኒቱ የሚገድለው ከሆነ በወረቀቱ ዙሪያ ባዶ ቀለበት ይቀራል አለችኝ። ባንተ ሳህን ላይ ባክቴሪያው እስከ ወረቀቶቹ ጥግ ድረስ ገጥሞ በቅሏል። መድኃኒቱን ሁሉ ለምዶታል። በአንደኛው ወረቀት ዙሪያ ብቻ ጠባብ ቀለበት ነበር። ያንን መድኃኒት የዚያኑ ቀን ጀመሩልህ፤ ባክቴሪያው ግን ቀድሞ ደምህ ውስጥ ገብቶ ነበር።

በሰልስትህ ዶክተር ኤቢሴ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለልቅሶ መጣች። አጎቴ መርጋ ከሁሩታ መጥተው ድንኳኑ ራስጌ ተቀምጠዋል። ማንነቷን ሲነግሯቸው፣ ዕጣ አውጪዋ አንቺ ነሽ አሏት። ነኝ አባባ አለች። ሌላኛው ዕጣ ወጥቶለት ቢሆን ልጄ ይድን ነበር አሏት። አላውቅም፤ ብናውቅማ ዕጣ አናወጣም ነበር አለች። ከእድሩ ዳኞች አንዱ፣ ይህን ሁሉ ዓመት ተምሮ አላውቅም ለማለት ነው እንዴ፣ እኛስ ሳንማር አናውቅም ብሎ ሰዉን ፈገግ አሰኘ። እሷ አልተቆጣችም። እኔ ግን ተቆጣሁ፤ አላውቅም ያለ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ እሷ ብቻ ነበረች።

አጎቴ ቀጠሉ። ከልጄ አጥንት የወሰዳችሁት አለ ይባላል አሏት። እሷም ባክቴሪያው ማቀዝቀዣ ውስጥ መቀመጡን፣ ከሌሎች ሕመምተኞች ከተገኘው ጋር እየተነጻጸረ እንደሚጠና፣ ቤተሰብ አይሆንም ካለ ግን እንደሚያስወግዱት ነገረቻቸው። አሁኑኑ ይቃጠል አሉ አጎቴ። የሰው አካል በፍሪጅ አያድርም አሉ። ድንኳኑ በሙሉ ልክ ነው አለ።

ተነሳሁ። አይቃጠልም አልኩ። አጎቴም ያ ኢልማ፣ አንተ ልጅ፣ ቁጭ በል፣ ጢምህ ሳይበቅል በሽማግሌ መሃል አትግባ አሉኝ። አልተቀመጥኩም። የጋሼን አካል በእጃችን ቀብረናል፣ ፍሪጅ ውስጥ ያለው የሱ አካል አይደለም፣ ገዳዩ ነው አልኳቸው። ገዳዩን አልቀበርነውም፤ እርስዎስ ሁሩታ ላይ ሌባ ቢይዙ፣ ግብረ አበሮቹን ሳይጠይቁ ይለቁታል ወይ? ጋሼ ለኋለኛው ሾፌር ብሎ የሰጠውን ቃል እኔ አላጥፍበትም አልኩ። ከዚያ ወደ ዶክተሯ ዞሬ፣ ዋሽቶሻል፣ ወንድሜ እናንተ ጋ ከመምጣቱ በፊት መድኃኒት ወስዷል፣ ዱቄትም ነስንሶበታል አልኳት።

እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደጉን ጎረቤታችን እትዬ ተሻለች ያን ጊዜ ለእንግዶች እጅ ያስታጥቡ ነበር። ውሃው የእንግዳውን እጅ ስቶ ምንጣፉ ላይ ሲወርድ አላዩትም። አጎቴ፣ ማን ነው የሰጠው ብለው ጮኹብኝ። ሰው ነው አልኳቸው። ሌላ ቃል አልጨመርኩም፤ ይህቺን ያህል ላንተ ስል። ዶክተሯ ስትወጣ፣ የትኛው መድኃኒት እንደነበረ ማወቅ ይጠቅመናልና ስትረጋጋ ና አለችኝ።

አጎቴ ሁሩታ ይዘውኝ ሊሄዱ ነበር። ፈተናዬ ደርሷል፣ ቤቴም እዚህ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። አውቶቡስ ተራ ስሸኛቸው አኩርፈው ነበር። መጨረሻ ላይ ከመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው፣ በሬ ብትሆን ገና ድሮ ሸጬህ ነበር፣ ልክ እንደ አባትህ ነህ አሉኝ። ባክቴሪያውን ስለማቃጠል ግን ደግመው አላነሱም።

እንግዲህ ጋሼ፣ አፈሩ ይቅለልህ። መንገድህ ጥርጊያ ይሁን፣ ጭነትህን አውርደህ ያረፍክበት ደጅ ማንም የማያስነሳህ ይሁን። እናታችንን ሳምልኝ፤ ተምሮ ሐኪም ይሆናል ብለህ እንዳትነግራት፣ ገና አልወሰንኩም።

ልዘጋው ስል አጎቴ የሄዱበት ማግስት ትዝ አለኝ፤ ሳልነግርህ አልተኛም። ቤት ውስጥ ብቻዬን የነቃሁበት የመጀመሪያው ጠዋት ነው። የቀሰቀሰኝ ያንተ ስልክ ነው፤ ለመቂ ጉዞ የሞላኸውን አላርም ማንም አላጠፋውም ነበር። እስኪበቃው ጮኸ። ዩኒፎርሜን ለበስኩ፣ ፊቴን ታጠብኩ፣ ወደ ሆስፒታል ልሄድ በሩን ከፈትኩ። እትዬ ተሻለች ደጃፉ ላይ ቆመዋል፤ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን አድርገዋል፣ ፌስታል ይዘዋል። እንሂድ አሉኝ። የት እንደሆነ አልጠየቅኋቸውም። ባጃጁ ውስጥ ሁለታችንም መንገዱን እያየን ሄድን።

ዶክተሯ ፌስታሉን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈችው። ከግቢያችን የተራረፈ መድኃኒት ሁሉ አለበት፤ ነጩ፣ ሰማያዊው፣ ቀይና ቢጫው። ከዚህ ውስጥ ወንድምህ የወሰደው የትኛው ነው አለችኝ። አፌን ስከፍት እትዬ ተሻለች ቀደሙኝ። ጣታቸውን ቀይና ቢጫው ላይ አሳረፉ፤ ጽፋ እስክትጨርስም አላነሱትም።

ታናሽህ