የአዳነች ጃንጥላ፣ ከደሴቱ ዓለት ጀርባ እስከ ቸርችል ጎዳና

ለተከበሩ አቶ እምሩ
የዕንቁ ሞገድ የጉብኝት ድርጅት ሥራ አስኪያጅ
ቸርችል ጎዳና

ክቡር ሆይ፣

በቅድሚያ ለእርስዎ ጤና፣ ቀጥሎም ለወንበርዎ ጤና ያለኝን መልካም ምኞት በአክብሮት እገልጻለሁ። እኛ የዶሮ ማነቂያ እድርተኞች በጀልባዎ ሄደን በሕይወት በመመለሳችን ብቻ ፈጣሪን እያመሰገንን አለን። ይህን ደብዳቤ በሰፈራችን ሻይ ቤት ግድግዳ ላይ የምለጥፈው እርስዎን ለማሳጣት አይደለም፤ ቢሮዎ በመጣን ቁጥር ስብሰባ ላይ ስለሚሆኑ፣ ምናልባት ሻይ ሲያምርዎ ያገኙት ይሆናል ብዬ ነው።

የምጽፍልዎ ስለ ብስኩት ነው። ጉዳዩ እንደ እርስዎ ላለ ሰው ትንሽ መሆኑን አውቃለሁ፤ ይቅርታዎን እየለመንኩ እቀጥላለሁ። ወደ ደሴቱ በሄድንበት ቅዳሜ ጠዋት ጀልባው ከዳር ሳይርቅ አስጎብኚዎ ሙሉዓለም ለእኛ ለወንዶቹ ብቻ በገዛ እጁ ብስኩት አደለን። ብስኩቱ በኋላ ካየናቸው ዓለቶች ጋር የሥጋ ዝምድና ያለው ይመስለኛል። ሆኖም «ጋሽ ዘሩ፣ ይብሉ እንጂ፣ ሐይቅ በባዶ ሆድ ያዞራል» እያለ እስክውጠው ድረስ አጠገቤ ቆሞ ጠበቀኝ፤ ከእናቴ ወዲህ እንዲህ አጥብቆ ያጎረሰኝ ሰው የለምና ምስጋናዬ ይድረሰው።

የቀሩትን ቅሬታዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የቢሮ ሰው ቁጥር ያለበትን ነገር ይወዳል ሲሉ ሰምቻለሁ።

፩ኛ/ ከመስጠም ያድናችኋል ተብሎ የታደለን ሰደርያ ከእኛ በፊት ዓሣ ለብሶት የነበረ ይመስል ነበር። ለእኔ የደረሰኝ የሕፃን ልክ ስለሆነ አንገቴ ላይ አሰርኩት፤ ብሰምጥ ቢያንስ ጭንቅላቴ ይገኝ ነበር።

፪ኛ/ ዓለቶቹን ማማት አይቻልም። ሰው ጠርቦ ያሰለፋቸው ምሰሶዎች መስለው ከውሃው ቀጥ ብለው ወጥተዋል፤ አንዳንዶቹም ባርኔጣ እንደደፋ ሰው ሌላ ዓለት አናታቸው ላይ ተሸክመዋል። ፈጣሪ ድርጅትዎን ሳያማክር የሠራቸው በመሆናቸው እንከን አላገኘሁባቸውም። ሙሉዓለም ግን አንዱኑ ዓለት ለልጆቹ አንበሳ፣ ለሽማግሌዎቹ ጳጳስ፣ ለጎረቤቴ ለዘይኑዲን ደግሞ ግመል ነው እያለ አስጎበኘ። ለእኔስ ምንድን ነው ብዬ ብጠይቀው ትንሽ አየኝና «ለእርስዎ ድንጋይ ነው» አለኝ። በዕለቱ ከአፉ የወጣው እውነት ይኸው ብቻ ነበር።

፫ኛ/ ብስኩቱ ወዳመጣው ነገር ልግባ። በቢሮዎ መስኮት ላይ ከዓለቶቹ ጀርባ ስለት ሰሚ ገዳም እንዳለ የሚናገር ማስታወቂያ ለጥፈው ነበር። ጎረቤታችን ወይዘሮ አዳነች፣ ጸሎት የምትባለው ልጇ ደጋግሞ ፅንስ እየወረደባት ኖሮ እንደገና ስታረግዝ፣ እናትየዋ በዚያ መስኮት ፊት ቆማ፣ በሰላም ከተገላገለችልኝ ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ ብላ ተሳለች። ጸሎት ሴት ልጅ ወለደች። አዳነች ጨርቁን ከዘይኑዲን ሱቅ ገዝታ ዘርፉን በእጇ ሰፋችው፤ ወርቃማው ክር መጨረሻው ላይ ቢያልቅባት የቀረውን በአረንጓዴ ጨረሰችው።

ደሴቱ ላይ ስንደርስ ሙሉዓለም እጁን ዘርግቶ፣ እንደ ገዳም ሥርዓት ሴት ከዚህ ዓለት አታልፍም አለ። ሴቶቹ ያውቁታልና ነጠላቸውን አጣፍተው ቆሙ። ወደ እኛ ወደ ወንዶቹ ዞሮ ደግሞ፣ ቅዱስ ስፍራ ነውና የበላ ሰው አይገባም አለን። እኛም ፍርፋሪውን ከጢማችን ላይ እያራገፍን አንገታችንን ደፋን። ጃንጥላውንና ሌሎቹ የተሳሉትን ጧፍ ሁሉ ተሸክሞ ከዓለቱ ጀርባ ገባና ባዶ እጁን ተመለሰ፤ አባ ተቀብለዋል፣ ሱባኤ ላይ ስለሆኑ ድምፅ አያሰሙም አለን። እልልታው ሐይቁን ተሻገረ። አዳነች መሬቱን ስማ አለቀሰች።

ከሳምንታት በኋላ ያንን ጃንጥላ ቸርችል ጎዳና ላይ አየሁት። ቢሮዎ መግቢያ ላይ ተዘርግቶ ደንበኞችዎ ከሥሩ ፎቶ ይነሣሉ፤ አረንጓዴው ክር እንኳ ወደ መንገዱ ዞሯል። የመጸዳጃ ቤትዎ በር ላይ የተሰቀለው ቀይ ከፋይ መጋረጃም የአንዲት እናት ስለት ይመስለኛል፤ ባለቤቱን ግን እስካሁን አላገኘኋትም።

ይህን ለዘይኑዲን ብነግረው ፊቱ ተለወጠ። እሱ ስኳር ስላለበት ብስኩቱን አልበላም ነበር፤ ሙሉዓለምም እሱን መከልከል ትዝ አላለውም። ዙሁር ሊሰግድ ንጹሕ ቦታ ፍለጋ ከዓለቱ ጀርባ ዞሮ ነበር። «ዘሩ፣ እዚያ ቤትም ሰውም የለም። ሸራ የለበሰ ዕቃ ተከምሮ አየሁ፤ ስለት የምታስቀምጡበት ሥርዓት መሰለኝ። በሰው ሃይማኖት ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልኩ» አለኝ። ይኸውልዎ፣ የሴቶቻችንን ሥርዓት መጋረጃ፣ የእኛን ጾም አጥር፣ የዘይኑዲንን ጨዋነት ደግሞ ቁልፍ አደረጉት። ይህን ያህል ጠንቅቀው ስላወቁን እናመሰግናለን።

አዳነች ይህን ከሰማች ወዲህ እንቅልፍ የላትም። የሕፃኗ ክርስትና የፊታችን እሑድ ነው፤ እሷ ግን ስለቴ ሳይደርስ በምን ፊቴ እቆማለሁ፣ ልጅቷን አንድ ነገር ቢያገኛትስ ብላ ከቤት አልወጣም ብላለች። የንስሐ አባቷ ጃንጥላው ለጊዮርጊስ ቢገባ ስለትሽ ደረሰ ብለዋታል። የጎደለው ጃንጥላው ብቻ ነው። ቢሮዎ መጥታ ብትጠይቅ የድርጅቱ ንብረት ነው ተባለች።

፬ኛ/ የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም። ስለዚህ ስለቱ ያለበት ቦታ ስለቱ የሚሰማበት ነው ብዬ ለሰፈሩ ሴቶች አስታወቅሁ። ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ቢሮዎ በር ላይ ነጠላ አጣፍተው መቃንዎን የሚሳለሙት እነሱ ናቸው። እንግዳ ተቀባይዎን ሐሴትን፣ ልጄ፣ ከዚህ በር ሴት ታልፋለች ወይ ብለው የሚጠይቋትም እነሱ ናቸው። እኛ ብስኩት የበላን ወንዶች መግባት ስለማይገባን ደረጃው ላይ ተቀምጠን ለደንበኞችዎ ምክንያቱን እናስረዳለን። ለመጡት ሁሉ፣ አባ እምሩ ሱባኤ ላይ ስለሆኑ ድምፅ አያሰሙም እንላለን። ጃንጥላው እስኪወጣ ድረስ በየቀኑ እንመጣለን፤ ነገ ደግሞ ከበሮ ለማምጣት…

በሬ ተንኳኳ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ተመልሻለሁ። ከበሮው ቀርቷል።

የብስኩትዎ ተካፋይ፣ የዓለትዎ ምስክር፣ የደጅዎ ተሳላሚ ሆኜ ከጥልቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ፤

ዘርዓብሩክ፣ ሰፈር የሚያውቀኝ ጋሽ ዘሩ
ዶሮ ማነቂያ

ማስታወሻ፦ በሬን ያንኳኩት ከአፍንጮ በር በእግራቸው የመጡት ወላጅ እናትዎ ናቸው። ምሳ ሊያደርሱልዎ ቢሮዎ ቢሄዱ የሚሳለሙትን ሴቶች አግኝተው ሁሉን ሰምተዋል። በአንድ እጃቸው የአዳነችን ጃንጥላ፣ በሌላው ከመጸዳጃ ቤትዎ በር ላይ ያወረዱትን ቀይ መጋረጃ ይዘዋል። እርስዎ ሳያውቁ ከማኅበርተኞቻቸው ጋር በጀልባዎ ተሳፍረው፣ የልጄ ሥራ ይቃና ብለው ያንን መጋረጃ የተሳሉት እሳቸው ኖረዋል። አሁን አዳነች ቤት ተቀምጠው አብረው እያለቀሱ ነው። እሑድ ማለዳ ጃንጥላውን ይዘው እስከ ጊዮርጊስ የሚሄዱት እርስዎ መሆንዎን እንድነግርዎ አዘውኛል፤ የበላ አይገባም ብለዋልና ብስኩት እንዳይቀምሱ።