እየታጠበ የሚጠፋ ብርሃን

የካቲት 4
እንደ ወትሮው። የሎሚ አሲድና ዩሪያ ምድጃ ውስጥ ከተትኩ፣ ቡናማ ፈሳሽ አወጣሁ። ለማያውቅ ሰው ያረረ ሽሮፕ ነው። የአልትራቫዮሌት (ዩቪ) መብራት ሲያርፍበት ግን ሰማያዊ ሆኖ ያበራል። ዓይን የማያያቸው የካርቦን ቅንጣቶች... ሴል ውስጥ ገብተው ያበራሉ፣ ብረት ሲበዛባቸው ይደበዝዛሉ። ሦስት ዓመቴ እነሱ ላይ አለቀ። አንድ ጽሑፍ ታትሞልኛል፣ ፈታኞች ፊት ቀርቤ የምከላከልበት ዲፌንሴ መጋቢት 20 ነው። እህቴ "በጥላሸት ዶክተር ልትሆኚ ነው" ትለኛለች። ትሳቅ።

አዲስ ቴክኒሻን ተመድበውልናል። ሽበታም፣ ንግግር የማይወዱ። ለራሴ ጋሽ ዝምታ ብያቸዋለሁ።

የካቲት 11
ማጠቡን ለሳቸው ተውኩላቸው። ፈሳሹ ስስ ከረጢት ውስጥ ታስሮ ክዳን ባለው ትልቅ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ይነከራል። ቆሻሻው በከረጢቱ ሾልኮ ይወጣል፣ ቅንጣቶቹ ውስጥ ይቀራሉ። እኔ በአንድ ቀን ነበር የምጨርሰው። እሳቸው መመሪያውን አንብበው ሦስት ቀን አሉ። ይሁን፣ ጊዜ ካላቸው...

የካቲት 15
ጨለመ። እሳቸው ያጠቡት ናሙና ላይ መብራቱን አበራሁ፣ ምንም። አምፖል ቀየርኩ፣ ምንም። ከረጢቱ አልተቀደደም። ምን ነካው?

የካቲት 19
ሁለተኛውም ጨለመ። እሱም እሳቸው ያጠቡት ነው።

ዛሬ ደግሞ አንድ ነገር ሰማሁ። የወንድማቸው ልጅ ፎቅ ላይ ባለው ቡድን ውስጥ ተማሪ ነው፣ የሚሠራውም እንደኔው የካርቦን ቅንጣት! ለእህቴ ነገርኳት። "ሰውየውን ጠይቂያቸዋ" አለች። ሌባን ሰረቅህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ማን ነው? ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የካቲት 20
ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ደብተር ላይ "እሱ" ነው። አንቱታው ይቅርበት።

የካቲት 23
ከፀጉሬ አንዲት ዘለላ ነቅዬ የጠርሙሱ ክዳን ላይ ለጠፍኩ። ስመለስ የለችም። ከፍቶታል ማለት ነው። ደግሞ ትንሽ ማስታወሻ ደብተር አለው፣ ውሃ በቀየረ ቁጥር ይጽፋል። ስጠጋ ኪሱ ይከተዋል። ለማን ነው የሚጽፈው?

የካቲት 26
ያዝኩት! ከአንድ ምድጃ የወጣውን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ራሴ በአንድ ቀን አጥቤ ሳጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ግማሹን ለሱ ሰጠሁት። የኔ ያበራል፣ እሱ የነካው ጨልሟል። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይምጣ?

የካቲት 27
ሁለቱን ጠርሙሶች በአማካሪዬ በፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መብራቱን ራሳቸው አበሩ። ብዙም አልጠየቁኝም። ወደ ምድር ቤቱ መጋዘን ይዛወራል፣ ፋይሉ ውስጥም ደብዳቤ ይገባል።

ቁልፉን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጦ ሄደ። አንድ ቃል የለም። ንጹህ ቢሆን ይከራከር ነበር... አይደል?

መጋቢት 2
ፈታኞቹ በመመሪያው መሠረት ሦስት ቀን የታጠበ ናሙና ይፈልጋሉ። ራሴ አጥባለሁ። በሩ ተቆልፏል፣ ቁልፉ አንገቴ ላይ ነው። የምቀይረውን ውሃም አልደፋም፣ በየጠርሙሱ ቁጥር ለጥፌ አስቀምጣለሁ። ያ ሰው የውሃ ማጠራቀሚያው ውስጥ የጨመረው ነገር ካለ ላስመረምረው ነው።

መጋቢት 5
ጨለመ። በገዛ እጄ።

መጀመሪያ ያሰብኩት ምን ነበር? ሌላ ቁልፍ አለው። በሩን ሁለት ጊዜ ሄጄ ነካካሁት። አፍራለሁ ይህን ስጽፍ።

ከዚያ መብራቱን ውሃዎቹ ላይ አዞርኩት። አንደኛው ጠርሙስ ሰማያዊ፣ ደማቅ። ሁለተኛው ትንሽ ፈዘዝ ያለ። ሦስተኛው ከዚያ ያነሰ... ማንም ምንም አልጨመረም። ብርሃኔ ከቆሻሻው ጋር ሾልኮ ወጥቷል። ሲጀመርም የቅንጣቶቹ አልነበረም። ከምድጃው አብሮ የወጣ ሌላ ትንሽ ኬሚካል ነው ሲያበራ የኖረው። በአንድ ቀን እጥበት አልቆ ስለማይወጣ ሦስት ዓመት ሙሉ አታለለኝ። የታተመው ጽሑፌ፣ የሴሎቹ ፎቶዎች፣ ሁሉም። ወለሉ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

መጋቢት 6
ፕሮፌሰሩ ዓይናቸውን በጨው ታጥበው "ለዲፌንሱ የአንድ ቀኑን አቅርቢ፣ ሌላውን በኋላ እናየዋለን" አሉኝ። በኋላ መቼ? እሺም እምቢም ሳልል ወጣሁ።

እህቴ ሁሉንም ሰምታ ቡና አፈላችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

መጋቢት 8
መጋዘን ወረድኩ። ጋሽ ዝምታ ካርቶን እየደረደሩ ነበር። ተሳስቼ እንደወነጀልኳቸው፣ ያጠፉት ምንም እንዳልነበር ነገርኳቸው። ሥራቸውን አላቆሙም። ሲጨርሱ ያንን ማስታወሻ ደብተር ከኪሳቸው አውጥተው ሰጡኝ። የኔ ናሙና ነው፣ ቀንና ሰዓት ተጽፎለት። "1ኛ ውሃ፣ በጣም ያበራል። 2ኛ ውሃ፣ ያበራል። ከረጢቱ ውስጥ ያለው እየደበዘዘ ነው። ትጠየቅ።"

"ያውቁ ነበር?"

"ጠርጥሬ ነበር።"

"ለምን አልነገሩኝም ታዲያ?"

"ልነግርሽ ነበር፣ ልጄ። ክዳኑ ላይ ፀጉርሽን አየሁት። እንደ ሌባ የሚጠብቀኝን ሰው ምን እለዋለሁ?"



መጋቢት 9
ሁለት ደብዳቤ ጻፍኩ። አንዱ ለመጽሔቱ፣ ጽሑፌን እንዲሰርዙት። አንዱ ለአስተዳደሩ፣ ጋሼ ጥፋት እንደሌለባቸው። 

መጋቢት 24
ዲፌንሴ መሆን የነበረበት ከአራት ቀን በፊት ነው። ላልታወቀ ጊዜ ተላልፏል። ፕሮፌሰሩ ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስልካቸውን ያያሉ። ከዜሮ ጀምሬያለሁ፣ በሌላ ቅመማ። ያብራ አያብራ አላውቅም፤ ከሦስት ቀን እጥበት በኋላ የሚቀረው ብቻ ነው የኔ።

ጋሼ ዛሬ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ቁልፉን ሰጠኋቸው፣ ተቀበሉኝ። ውሃው የሚቀየርበት ሰዓት ሲደርስ ግን ጠርሙሱን አልነኩም። ካለሁበት ድረስ መጥተው ጠሩኝ።

"ነይ፣ ቆመሽ እዪ።"

"አያስፈልግም ጋሼ፣ አምንዎታለሁ።"

"አንቺ ታምኚኛለሽ" አሉ። "እኔ ነኝ የማላምንሽ።"

ክዳኑን ከፍተው እስኪዘጉ ድረስ ቆሜ አየሁ።