ለባለገመዱ ፕሪንተር የመጣሽ ዕለት

ውድ ምራቴ፣

መጀመሪያ «ውድ የቀድሞ ምራቴ» ብዬ ጽፌ ነበር። መልሼ ሳነበው የሌላ ሰው ደብዳቤ መሰለኝና ቀድጄ ጣልኩት። አንቺና ልጄ ብትለያዩም፣ እኔና አንቺ የተለያየንበት ቀን ትዝ አይለኝም። ስለዚህ እንደ ድሮው ልጥራሽ፤ ካልተመቸሽ ስንገናኝ ትቆጪኛለሽ።

የምጽፍልሽ ያን ዕለት በር ላይ ስሸኝሽ ሳላመሰግንሽ ስለቀረሁ ነው። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ። አንቺም አይተሽ እንዳላየሽ ሆነሽ «በሉ ይግቡ፣ ብርድ ነው» ብለሽኝ ሄድሽ። እንግዲህ አሁን ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ልንገርሽ፤ ከመምጣትሽ በፊት የነበረውን አታውቂውምና።

አማትሽ፣ አባባ፣ መቼም አውቶቡስ ሲነዳ ከተሳፋሪ ጋር ወሬ ይዞ ፌርማታ የሚያልፍ ሰው ነበር። ሠፈሩ «ሬዲዮው» ብሎ የሰየመው ያለ ነገር አይደለም። ስትሮክ መትቶት ቀኝ እጁን አደንዝዞ አንደበቱን ሲወስድበት ቤቱ ጭር አለ። የሚባለው ሁሉ ይገባዋል፤ መልሱ ግን ከጉሮሮው አይወጣም። አንድ ነገር ሊነግረኝ ይታገላል፤ እገምታለሁ፤ እስታለሁ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል። እኔ ደግሞ ወጥ ቤት ገብቼ፣ እንዳይሰማኝ ቧንቧ ከፍቼ አለቅሳለሁ።

የንግግር ሐኪሟ ሥዕልና ቃል ያለባቸው ካርዶች ልጄ በገዛልን ታብሌት ላይ ጫነችልን። በጣቱ እየነካ የሚፈልገውን እንዲያሳየኝ ነበር። ግን ደህናው እጁም ይንቀጠቀጣል። «ውሃ» ሊለኝ ሲነካ ገጹ ይሸሽና «ጫማ» ይመጣል። አንድ ቀን በንዴት ታብሌቱን ከጭኑ ላይ ገፍትሮ ጣለው። ለሐኪሟ ስነግራት «እንግዲያው በወረቀት ፕሪንት ያድርጉለት፤ ወረቀት አይሸሽም» አለችኝ።

ማተሚያ ቤት እንዳልሄድ እሱን ብቻውን ጥዬ አልወጣም። ያኔ ነው እናንተ ስትለያዩ ሁለታችሁም ሳትወስዱት የቀረው ፕሪንተር ትዝ ያለኝ። ከቁም ሣጥኑ ላይ አውርጄ፣ አቧራውን ጠርጌ ሶኬት ላይ ሰካሁት። መብራቱ ቦግ አለ! ደስ ብሎኝ ታብሌቱን አጠገቡ አድርጌ «ፕሪንት» የሚለውን ነካሁ። «ፕሪንተር አልተገኘም» አለኝ። አጠጋሁት። «አልተገኘም።» በመጨረሻ ጀርባው ላይ አስቀመጥኩት። አሁንም «አልተገኘም»፤ ጀርባው ላይ ተቀምጦ!

ልጄ ለሥራ የሄደበት ቦታ ስልክ አልገባ አለኝ። ያንቺን ቁጥር አወጣሁና መልሼ ዘጋሁት። በምን አፌ? ልጄን የተውሽውን፣ ልጄ የተወሽን አንቺን፣ «ነይና ማሽን አስተካክዪልኝ» እልሻለሁ? ጨክኜ ስደውል ግን ሰላምታ እንኳን አላስጨረስሽኝም።

«እማማ! ምን ሆኑ?»

«እኔስ ምንም። ፕሪንተሩ ታብሌቱን አላውቅህም አለው።»

ሳቅሽ። «እሱ እኮ የድሮ ነው፤ ዋይፋይ የሚባል አያውቅም፤ ያለ ገመድ ማንንም አይሰማም። ለምን ፈለጉት?»

ነገርኩሽ። ስለ አባባ አልሰማሽም ኖሯል። ከዚያ «ነገ ከሥራ ስወጣ እመጣለሁ» ብለሽ ዘጋሽው።

እንደገባሽ ቦርሳሽን ሳታወርጂ ወንበሩ ፊት ተንበረከክሽ። «አባባ፣ እኔን አይተው ዝም? ተጣላን እንዴ?» አልሽው። ሌላው ሰው ሁሉ እሱን ሲያይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ እንደ ሕፃን ነበር የሚያናግረው። አንቺ ግን እንደ ድሮው ነገር ፈለግሽው። በግማሽ ፊቱ ፈገግ ሲል አየሁት።

መጀመሪያ ያመጣሻትን አጭር ገመድ ታብሌቱ ላይ ሰካሽ፤ የፕሪንተሩን ገመድ ከእሷ ጋር አገናኘሽ። አልሆነም፤ ታብሌቱ «ይህን ሞዴል አላውቀውም» አለ። እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አንቺ «የድሮው ኮምፒውተር የት አለ?» አልሽ። የስፌት ጨርቄን የቆለልኩበትን አውጥተሽ፣ ፕሪንተሩን በገመድ ከእሱ ጋር አያያዝሽና ዋይፋዩን አስገባሽለት።

«አሁን ኮምፒውተሩ ፕሪንተሩን ሼር ያደርገዋል። ታብሌቱ ለኮምፒውተሩ ይልካል፣ ኮምፒውተሩ በገመዱ ያቀብላል።»

«አማላጅ ነው በይኛ!»

«አማላጅ ነው፤ ብቻ ሲተኛ አያማልድም። ፕሪንት ከማድረግዎ በፊት እሱን ማብራት እንዳይረሱ።»

የመጀመሪያው ወረቀት መሀሉ ደብዝዞ ወጣ። የቀለሙን ማስቀመጫ፣ ቶነሩን፣ አውጥተሽ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አድርገሽ መለስሽው። ሁለተኛው ጥርት ብሎ ወጣ፤ አንድ ብርጭቆ፣ ከሥሩ በትልልቁ «ውሃ»። እልል ልል ምንም አልቀረኝ። ለመቁረጥ መቀሴን ሳነሳ «እንዴ! የጨርቅ መቀስ ወረቀት አይነካም ብለው ሲቆጡኝ አልነበር?» አልሽኝ። ይደንዝዝ አልኩ።

ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ደረደርንለት፦ ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ። አያቸውና በእጁ ጀርባ ወደ ዳር ገፋቸው። እኔ ልሰበስባቸው እጄን ዘረጋሁ። አንቺ ግን ትክ ብለሽ ካየሽው በኋላ «እማማ፣ አባባ የጠማቸው ውሃ አይደለም፤ ወሬ ነው» አልሽ። ታብሌቱን ይዘሽ ሌላ ካርድ መጻፍ ጀመርሽ፦ «ውሸት ነው!»፣ «ከዚያስ?»፣ «እኔ ብሆን ኖሮ»፣ «ቆይ ልንገርሽ»። ፕሪንተሩ እያጓራ ተፋቸው። እያንዳንዱን ስትሰጪው ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ይህን ያህል ዘመን አብሬው ኖሬ፣ ምን እንደጠማው አንቺ ነሽ ያወቅሽው።

ከዚያ ያደረገውን መቼም አትረሺውም። «ከዚያስ?» የሚለውን አነሳና ወደ አንቺ ዘረጋው። ስላንቺ መጠየቁ ነበር። ስለ ሥራሽ ነገርሽው። አሁንም «ከዚያስ?» ስለ አዲሱ ቤትሽ ነገርሽው። «ከዚያስ?» አንገትሽን ደፋሽ።

«ከዚያማ... ላገባ ነው፣ አባባ። እንዴት እንደምነግራችሁ ጠፍቶኝ ነው የቆየሁት።»

አልዋሽሽም፤ ከፋኝ። ልጄ ትዝ አለኝ፤ እናንተ በነበራችሁባት ክፍል ስትሳሳቁ ትዝ አለኝ። እሱ ካርዶቹን ማገላበጥ ጀመረ። አንዱን መዘዘና አነሳው፦ «ውሸት ነው!» ሁለታችንም ክው ብለን ቀረን። ቀና ስንል ግን ዓይኑ እየሳቀ ነው። የድሮው ቀልደኛ! ካርዱን ጥሎ እጅሽን ያዘና ከንፈሩን አንቀሳቀሰ፤ ታገለ፤ ግንባሩን ላብ አጠመቀው። «እ... ሰ... ይ» አለ። ከታመመ ወዲህ ካንደበቱ የወጣው የመጀመሪያው ቃል እሱ ነው። ውሃ አይደለም፣ የእኔ ስም አይደለም። ላንቺ የተባለ «እሰይ» ነው። እኔም ያኔ ተከትዬው «እሰይ» አልኩ።

ዛሬ ብዙ ቃላት አሉት፤ የተሰባበሩ ናቸው፣ ግን ቃላት ናቸው። የጎደለውን በካርድ ይሞላል። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ «ውሸት ነው!» ይባላል። እኔም ኮምፒውተሩን አብርቼ፣ አዲስ ካርድ ሲያሻው ራሴ ጽፌ ፕሪንት አደርግለታለሁ። ስፌተኛዋ አማትሽ ይህን ትችላለች ብሎ ማን ያምናል? አንቺ አስተማርሽኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ልጄ። የቻልኩትን ያህል አመሰገንኩሽ፤ ከሚገባሽ ግን ያንሳል።

የሠርግሽ ጥሪ ትናንት ደረሰን። ለልጄ ስልክ ሲገባልኝ ነገርኩት። «ሂዱላት እማዬ፤ እሷም መጥታላችኋለች» አለኝ። አባባን «እንሂድ?» ስለው ካርድ አልፈለገም፤ ኮቱ ወደተሰቀለበት እያየ «እን... ሂድ» አለ።

እንመጣለን። በር ላይ የሚያስተናግደው ሰው የማን ወገን እንደሆንን ቢጠይቀን አናንገራግርም፤ የሙሽራዋ ቤተሰብ ነን። ወንበር ከፊት ያዢልን።

እናትሽ