ሁለት እርከን ያነሰው መሰላል

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ዳይሬክተሩ ቢሮው ጠራኝ። ሲጠራኝ ሥራ ሊጨምርብኝ ነው። «ክፍለ ጊዜ ያነሰዎት እርስዎ ነዎት፤ ዘጠነኛ ክፍሎችን ጸብን በሰላም መፍታት ያስተምሩልኝ» አለ። የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ሰላም ምን አውቃለሁ? «ልጆቹ እርስዎን ይፈራሉ» አለኝ። እንግዲህ ሰላም በፍርሃት ከሆነ... እሺ አልኩ።

ቤት ስደርስ የወንድሜ ልጅ፣ እሷም ከነዚሁ ዘጠነኛ ክፍሎች አንዷ፣ ደረጃው ላይ ቆማለች። «አክስቴ፣ አባቴ ታንከሩ ሞልቷል በያት ብሎኛል።»

«ሰምታለች በይው።» ሲሞላ ድምፁን ከታች ይሰማ ይሆናል።

ወንድሜ ምድር ቤት ከአናጺ ወርክሾፑ ጋር፣ እኔ ፎቅ ላይ፣ ልጅቷ መሃል። ከተኳረፍን ዓመት ከአራት ወር። የአባታችንን መሰላል፣ ያንን ጣራ ወጥቼ የውሃውን ታንከር የማይበትን፣ ሳይጠይቀኝ ሁለት እርከን ቆረጠበት! በመጋዝ! አሁን ጣራው አጠገብ አልደርስም። ደግነቱ ውሃ አልቆብኝ አያውቅም። እድለኛ ነኝ።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

የመጀመሪያው የሰላም ክፍለ ጊዜ። ጸብ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ቡጢ የሚሉት ልጅና መነጽር የሚሉት ልጅ፣ ክፍሉ ውስጥ ባለው በአንዱ የማይነቃነቅ ወንበር ተናንቀው ጠበቁኝ።

አንድ ሕግ አወጣሁ። «ሌላው ያለውን በራስህ አፍ ሳትደግም መልስ የለም። እሱም ልክ ነህ ሳይልህ አሁንም የለም።»

ቡጢ ጀመረ። «ወንበሩ የኔ ነው ብሏል። ውሸታም ነው ግን።»

«ሁለተኛውን አላለም። ድገም።»

አራት ጊዜ አስደገምኩት። በአራተኛው መነጽር፣ ወንበሩ ሲነቃነቅ ሰሌዳው ላይ ያለው ጽሑፍ እንደሚምታታበት ተናገረ። ቡጢ ይህንን ደገመና ቆመ። «ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረስከኝ?»

ወንበሩን ለቀቀለት። ይሠራል እንዴ ይሄ ነገር? ለሰባት ደቂቃ ያህል በራሴ ኮራሁ።

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ምን አባቴ ነው ያስተማርኳቸው። ዛሬ አስራ አንድ ልጆች አርፍደው መጡ። ዘበኛው በሩን ሊዘጋ ሲል፣ «ጋሼ፣ አረፈዳችሁ እያሉን ነው፤ ይህም አናዶዎታል። ልክ ነን?» አሉት። ሰውዬው ስንት ዓመት በር ላይ ቆሞ መናደዱን የጠየቀው ሰው የለም። ቁጭ ብሎ ከሚስቱ ጀምሮ የሚያናድደውን ሁሉ ሲነግራቸው አንደኛው ክፍለ ጊዜ አለቀ።

ፈተና ላይም፣ «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል» ስል ሠላሳ ስምንት ልጅ በአንድ ድምፅ፣ «አምስት ደቂቃ ቀርቷችኋል ብለዋል። ልክ ነን፣ ቲቸር?» ልክ ናችሁ። አሁን አራት ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 14

ልጅቷ እራት ይዛልኝ መጣች። እንደ ዋዛ፣ «አባቴ ሌላ ቤት አግኝቷል። በወሩ መጨረሻ እንለቃለን» አለች።

«ደህና» አልኩ። ሌላ ምን ይባላል? የመጋዝ ጩኸት ይቀርልኛል። አርፌ ደብተር አርማለሁ።

እራቱን አልበላሁትም። ጨው በዝቶበት ይሆናል።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ጨው አልበዛበትም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 21

ይህን የማነብ እኔ ብቻ ነኝ፤ ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ።

ባለፈው ሳምንት የካርቶን ሳጥን አስቀምጬ ነበር፤ የሚያውቁትን ጸብ ስም ለውጠው፣ ነገሩን ለውጠው እንዲከቱ። ዛሬ አንዱን አወጣሁና ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ጎን ለጎን የሚሠሩ ሁለት እህትማማች ነጋዴዎች ነበሩ። ታናሿ የትልቋን ጃንጥላ ዘንግ ቆርጣ አሳጠረችው። ትልቋ ከዚያ ቀን ጀምሮ አላናገረቻትም። መልእክት የምታመላልሰው ልጅ ደክሟታል። አሁን ታናሿ ሱቋን ልትዘጋ ነው።»

ሳቅኩ። ለጃንጥላ! «ትልቋ ምን ዓይነት ግትር ናት?» አልኩ። ሰሌዳው ላይም ጻፍኩት፦ ለምን እንደቆረጠችው ጠይቃታለች? ልጆቹ በጣም ዝም አሉ። እኔ እንኳ ዝም ያሉት ስለተመሰጡ መስሎኝ... ድምፅ ተሰጠ። ሠላሳ ስምንት ለዜሮ፣ ትልቋ ቀድማ ትሂድ። ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ ሰብሳቢዋ እኔ ፈረምኩ። በትልቁ።

ቤት ገባሁ። ደረጃው ሥር መሰላሉ ተደግፏል። ከላይ ሁለት እርከን የለውም።

ቆምኩ። ቦርሳዬ ወደቀ።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ። ክፍሉ በሙሉ አውቆ ኖሯል! የአስራ አራት ዓመት ሽማግሌዎች...

ዓርብ፣ ጥቅምት 22

የቃለ ጉባኤው ቅጂ በቤቴ በር ሥር ተንሸራቶ ገብቷል። ፊርማዬ ተሰምሮበታል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ሦስት ጊዜ ወርጄ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ። መጀመሪያ ሻርፔን ረስቼ። ሁለተኛ ምንም ሳልረሳ።

ወንድሜ ሳንቃ ይልጋል። ሲያየኝ አቆመ። ልጅቷ መልእክት ያለ መስሏት ሮጣ መጣች።

«ለምን ቆረጥከው?» አልኩ። ሰላምታ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

መላጊያውን አስቀመጠ። «እትዬ... ያን ሰሞን ሦስተኛው እርከን ላይ ዓይንሽን ጨፍነሽ፣ በሁለት እጅሽ ተጣብቀሽ አየሁሽ። ራስሽን እያዞረሽ ነበር። አትውጪ ብልሽ ትሰሚኛለሽ? መጋዙ ይሻላል አልኩ።»

አፌን ከፈትኩ። መልሱ ዝግጁ ነበር፤ ዓመት ከአራት ወር ስለማመደው የኖርኩት ነው። ልጅቷ ጣቷን አነሳች። «አክስቴ፣ መጀመሪያ ድገሚ።»

ደገምኩ። «የቆረጥከው... ወድቄ እንዳልሞትብህ ነው። ልክ ነኝ?»

 ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። አለቀስኩ። በዚህ እድሜዬ፣ የእንጨት ፍቅፋቂ ላይ ቆሜ።

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«መች አስጨረስሽኝ?»

«ታንከሩንስ ማን ያየዋል?»

«እሱ ነዋ» አለች ልጅቷ። «በየጠዋቱ፣ አንቺ ትምህርት ቤት እስክትሄጂ ጠብቆ። ረጅም መሰላል አለው፤ ይቆልፍበታል።»

እኔ ደግሞ እድል መስሎኝ።

ሰኞ፣ ጥቅምት 25

ቡጢ ክፍል ውስጥ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ያቺ ትልቋ ነጋዴ ሄደች?»

«ሄደች።»

«ምን አለች?»

«አርፈህ ተቀመጥ አለች።» ሠላሳ ስምንቱም አጨበጨቡ። ደረታቸውን ነፍተው ወጡ፤ የሚችላቸው የለም ከእንግዲህ።

ማታ ወንድሜ ራሱ መጣ፣ ያለ መልእክተኛ። ያገኘውን ቤት አልፈልግም ብሎ መልሷል። አጭሩን መሰላል ተሸክሞ አመጣና መጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ አስደገፈው። ልክክ አለ። ታንከሩ መሙላቱን በራሱ አፍ ነገረኝ። ከታች ልጅቷ፣ «ሥራ ፈታሁ እኮ!» ትላለች።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ዞር አለ። «እትዬ፣ ከእንግዲህ ጣራ ላይ አልወጣም ብለሻል። ልክ ነኝ?»

እንደዚያ ያልኩበትን ቀን አላስታውስም።

«ልክ ነህ» አልኩት።