ጠያቂዋ ደመና አታይም ነበር

ውድ እማዬ፣

ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ተናድጃለሁ።

ትናንት መድኃኒት ቤት ቆሜ ለአንዲት እናት የሳል ሽሮፕ አወሳሰድ ሳስረዳ፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ አፍጥጣ አየችና «አንቺ! የልጆች መጽሐፉ ላይ ያለሽው ጠያቂዋ አይደለሽም እንዴ?» ብላ ጮኸች። የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዞረ። «ልጄ እኮ ያላንቺ እንቅልፍ አይወስደውም! እስቲ አንድ ነገር ጠይቂ!» አለችኝ። ምን ልጠይቃት? «በቀን ሦስቴ፣ ከምግብ በኋላ» ብዬ ሸኘኋት።

ፀጉሬን ሽበት ጀምሮታል፤ አንቺ በምትጽፊያቸውና በምትሥያቸው መጽሐፎች ግን ዛሬም የፊት ጥርሴ ወላቃ ነው፤ ዛሬም እጠይቃለሁ። ንብ እንዴት ማር ትሠራለች? ልብ ለምን ይመታል? ቧንቧ ውስጥ ውሃውን ማን ይገፋዋል? አንድ ሰው ወደድኩ ብዬ አብሬው ሻይ ልጠጣ ስቀመጥ እንኳ፣ ከቦርሳው መጽሐፍሽን አውጥቶ «ፈርሚልኝ» አይለኝ መሰለሽ! ከገዛ ፊቴ ወዴት ልሽሽ?

አሁን ደግሞ ስለ ንፋስ የጻፍሽው አዲሱ መጽሐፍ ሲመረቅ አሳታሚሽ «እንደ ሥዕሉ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ትምጣልን» ማለቱን፣ አንቺም እሺ ማለትሽን አክስቴ ነገረችኝ። ቀሚሱን በእኔ ቁመት አሰፍተሽዋል አሉ።

እማዬ፣ እነዚያን ጥያቄዎች እኔ ጠይቄሽ አላውቅም። የጠየቅኩሽ አንድ ነገር ብቻ ነው። አባዬ ሻንጣውን ይዞ የወጣ ቀን፣ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥዬ «ለምን ሄደ?» አልኩሽ። ጆሮ ዳባ ልበስ አልሽና «ነይ፣ ዝናብ ከየት እንደሚመጣ ላሳይሽ» ብለሽ ወረቀትና ቀለም አመጣሽ። የመጀመሪያው መጽሐፍ ከዚያ ወጣ። ሽፋኑ ላይ አንገቷን አስግጋ መስኮት ላይ የቆመችው ልጅ ለሰው ሁሉ ደመና የምታይ ትመስለዋለች። እኔ መንገዱን ነበር የማየው።

ደግሜ ብጠይቅሽ ባሕር ሣልሽልኝ። ብሠልስ እሳተ ገሞራ። ዓለሙን ሁሉ አስረዳሽኝ፤ የእኛን ቤት ብቻ ዘለልሽው። አክስቴን ብጠይቃት «ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል፣ እናትሽን ተያት» አለችኝ። ተውኩሽ። ይኸው እስከ ዛሬ እዚያው መስኮት ላይ ነኝ፤ አንቺም ከኋላዬ ብሩሽ ይዘሽ ቆመሻል። ሁለታችንም መውጫ አጣን።

ለማንኛውም እመጣለሁ። ቀሚሱንም እለብሳለሁ፤ የሚስቅ ይሳቅ። ልጆቹ ለጥያቄ እጃቸውን ሲያወጡ እኔም ከመካከላቸው አወጣለሁ ብዬ ዝቼ ነበር፤ ግን በሰው ፊት ላዋርድሽ አልችልም፣ እወድሻለሁ። እንግዲያው አዳራሽ ከመግባታችን በፊት፣ ከኋላዬ ሆነሽ ዚፑን ስትዘጊልኝ አባዬ ለምን እንደሄደ ንገሪኝ። ያን ጊዜ እኔም ፊትሽን አላይም፣ አንቺም ፊቴን አታዪም። «አላውቅም» ብትዪኝም እቀበላለሁ፤ በዚያ ሁሉ መጽሐፍሽ አንድ ቦታ እንኳ ብለሽው አታውቂም።

ብቻ እንዳትሥዪልኝ።

ልጅሽ